ዳታውን የሞላሁት እኔ ነኝ፤ ታዲያ ጥናት ልመን?

ሥራ ፈላጊው ኤች ኦ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ይህን ስጽፍ አፍራለሁ። ግን ከሆዴ ካልወጣ እንቅልፍ አይሰጠኝም።

ጤና መኮንን ነኝ፣ ኤች ኦ። ከተመረቅሁ ሦስት ዓመት ሆነኝ፤ ቋሚ ሥራ የለኝም። እስካሁን የኖርኩት ዳታ ኮሌክተር ሆኜ ነው። አንዱ ማስተርሱን ሲሠራ ይደውልልኛል፣ ሌላው ፕሮጀክት ሲያገኝ ይደውልልኛል። የቤት ኪራዬ የሚወጣው ከዚያ ነው።

ባለፈው ዓመት የደም ግፊት ጥናት ላይ ቤት ለቤት ዞርን። ቦታውንም የጥናቱን ባለቤትም አልጠራም። ሥልጠናው ሸጋ ነበር። ሰውየው አምስት ደቂቃ ይረፍ፣ እግሩን አያነባብር፣ ክንዱ በልቡ ትይዩ ይሁን፣ ሦስት ጊዜ ለኩ፣ በየመሀሉ ጠብቁ። የመጀመሪያ ቀን እንደተባልነው አደረግን። አንድ ሰው ከነመጠይቁ 50 ደቂቃ ፈጀ። ኮታችን ደግሞ በቀን 12 ሰው ነው። የሚከፈለን በፎርም ነው። ሒሳቡን እናንተው ሥሩት።

በሦስተኛው ቀን አንዲት እናት ቤት ገባሁ። እጃቸው ሊጥ ነው። «ልጄ ምጣዱ ግሏል፣ ቶሎ በለኝ» አሉኝ። አንዴ ለካኋቸው፤ 132 በ84። ሊጡ ማሰሪያውን እንዳይነካ እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው ነበር የያዙት፤ እስካሁን ዓይኔ ላይ አለ። ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ልኬት ከጭንቅላቴ ሞላሁ። 130 በ80፣ 130 በ80። ታብሌቱ አልጮኸም። ምንም አልሆነም። ከዚያ በኋላ ማን ይመልሰኝ?

እኔ ብቻ ብሆን ኖሮ ጥሩ ነበር። ማታ ማታ ሆቴል ሻይ ይዘን ቁጭ ብለን የጎደለውን «እናስተካክል» ነበር። ቃሉ ይኼ ነው፣ ማስተካከል። ከመካከላችን ልምድ ያለው ልጅ «አንድ ዓይነት አታድርጉት፣ ይነቃል» ብሎ አስተማረን።

ባለፈው ሳምንት ጽሑፉ ጆርናል ላይ ወጣ። «በሠለጠኑ ባለሙያዎች ሦስት ጊዜ ተለክቶ አማካዩ ተወስዷል» ይላል። መሠልጠን እንኳ ሠልጥነናል።

አሁን እናቴ ግፊት አለባት። ጤና ጣቢያ አምሎዲፒኗን ከ5 ወደ 10 ሚሊግራም ከፍ አደረጉባት። እሷ ደግሞ መዋጥ አትወድም። «በጥናት የተረጋገጠ መድኃኒት ነው እኮ እማዬ» ልላት ስል ቃሉ ጉሮሮዬ ላይ ቆመ።

ጥያቄዬ ይኼው ነው። የሌላውም ጥናት ጓዳ እንደኛው ከሆነ ምኑ ይታመናል? መላስ አለው? ስድብ ያላችሁም ስደቡኝ፣ ይገባኛል።

የሰፈር ልጅ፦

ወንድሜ እንኳን ነቃህ። ሁሉም ቢዝነስ ነው። ዛሬ ቡና ይጠቅማል ይሉሃል፣ ነገ ይገድላል ይሉሃል። እናትህን ሽፈራው አጠጣት። አጎቴ በሱ ነው ግፊቱ የወረደለት። ጨረስኩ።

ሲስተር የሌሊት ተረኛ፦

የሰፈር ልጅ፣ የአጎትህን ግፊት ማን ለካው? ስንት ጊዜ? መድኃኒቱንስ ትቶ ነው ወይስ እየዋጠ ደርቦ? ኤች ኦው በራሱ ላይ ያነሣው ጥያቄ ለሽፈራውም ይሠራል።

አንተ ልጄ፣ ስድብ ከኔ አትጠብቅ። እናትህ መድኃኒቷን እንዳታቆም ብቻ። አሁን አንድ ነገር ልንገርህ፤ ከአንተ የባሰ ነው።

ሕፃናት ክፍል 22 ዓመት ሠርቻለሁ። ስጀምር የተማርኩት እንዲህ ነበር። ትኩሳት ያለው ልጅ እጅ እግሩ ቀዝቅዞ፣ ልቡ እየፈጠነ፣ ራሱን እየሳተ ሲመጣ ካኑላ አስገባና ፈሳሽ በፍጥነት ስጥ። በኪሎ 20 ሚሊ። የ10 ኪሎ ልጅ ከሆነ 200 ሚሊ ማለት ነው። ሳላይኑ ቀስ እያለ ሲወርድ አላስችል ብሎኝ ከረጢቱን በሁለት እጄ ጨምቄ አስገባው ነበር። አውራ ጣቴ እስኪደነዝዝ።

እና ይሠራ ነበር! በዓይኔ አይቻለሁ። ልጁ ዓይኑን ይገልጣል። እጁ ይሞቃል። እናትየው ጉልበቴን ልትስም ትወድቃለች። እኔም ያን ሌሊት ደስ ብሎኝ አድራለሁ።

ሊነጋጋ ሲል አንዳንዱ ይሞት ነበር። ያኔ «ወባው ጸንቶበት ነው» እንላለን። «ዘግይተው አምጥተውት ነው» እንላለን። ለሞቱ ሁልጊዜ ምክንያት ነበረን። ፈሳሹን የጠረጠረ አልነበረም። እንዴት ይጠረጠራል? ሲሞቅ ያየነው እኛው ነና።

እ.ኤ.አ. 2011 ፊስት የሚባል ጥናት ወጣ። ኬንያ፣ ኡጋንዳና ታንዛኒያ ውስጥ በ6 ሆስፒታሎች የተሠራ ነው። ፕሮፌሰር ካትሪን ሜይትላንድ የመሩት። ልጆቹ ልክ የእኛን ዓይነት ልጆች ናቸው፣ ትኩሳት ይዟቸው የደም ዝውውራቸው የደከመ፤ ከግማሽ በላይ ወባ ነበረባቸው። ማን ፈጣን ፈሳሽ ያግኝ፣ ማን አያግኝ የሚለውን የወሰነው ሐኪም አይደለም። ዕጣ ነው። በታሸገ ኤንቨሎፕ፣ በተራ ቁጥር የሚከፈት። ሐኪሙ «ይሄኛው አሳዘነኝ፣ እሱ ይሰጠው» ማለት አይችልም።

3,600 ልጅ ሊገባበት የታሰበው ጥናት 3,141 ላይ እንዲቆም ተደረገ። በ48 ሰዓት ውስጥ ፈጣን ሳላይን ካገኙት 10.5 በመቶው ሞተዋል። አልቡሚን የሚባለውን ሌላ ፈሳሽ ካገኙት 10.6። ምንም ፈጣን ፈሳሽ ካልተሰጣቸው 7.3። ከመቶ ልጅ ሦስት ልጅ ማለት ነው። እኔ እንዳስገባሁት ዓይነት ፈሳሽ የገደላቸው።

ይበልጥ ያመመኝ ኋላ የወጣው ዝርዝር ነው። ፈሳሹን ያገኙት ልጆች በመጀመሪያው ሰዓት ከሌሎቹ የተሻለ ይመስሉ ነበር። ዓይኔ አልዋሸኝም ማለት ነው። ያየሁት እውነት ነበር፤ ግን አንድ ሰዓት ብቻ ነበር ያየሁት።

በነገራችን ላይ አደራ፦ ተቅማጥ የያዛቸውና በምግብ እጥረት ክፉኛ የተጎዱ ልጆች ጥናቱ ውስጥ አልገቡም። ይህን አንብቦ ለተቅማጥ ልጅ ኦ አር ኤስ ወይም ፈሳሽ የሚከለክል እንዳይገኝ።

ለምን ይህን አወራሁ? እኛ ዋርድ ውስጥ ፎርም የሞላ ሌባ አልነበረም። ሁላችንም ከልባችን ነበርን። ሆኖም ተሳስተናል። ስለዚህ አጭበርባሪን ብታስወግድም ጥናት አይጠራም። ዕጣው ያስፈልጋል፣ ማነጻጸሪያው ቡድን ያስፈልጋል፣ የሚቆጠረውም ነገር ወሳኝ ነው። ፊስትን ከሌላው ጥናት አብልጬ የማምነው ለዚህ ነው። የተቆጠረው ሞት ነው። ሞት እንደ ግፊት «130 በ80» ተብሎ ከጭንቅላት አይሞላም።

ማመኑም ብቻውን አልረዳም። ከዚያ በኋላ እንኳ መመሪያው እስኪስተካከል ዓመታት አለፉ። እኔ ራሴ ወሬውን ሰምቼ ከረጢት መጭመቅ እስክተው ስንት ወር እንደፈጀብኝ ባልናገር ይሻለኛል።

ፋርማሲስቱ ከሜሪላንድ፦

ሲስተር፣ እጅ ነስቻለሁ። እኔ እዚህ መድኃኒት ከመደርደሪያው ወዲህ ሆኜ ስለምሸጥ ሌላውን ጓዳ ላሳያችሁ።

ኤች ኦ፣ አንተ የሌለ ቁጥር ሞላህ። ትልልቆቹ ደግሞ ያለውን ቁጥር መሳቢያ ውስጥ ይቆልፉታል። ኤሪክ ተርነር የሚባል የሥነ አእምሮ ሐኪም በፊት ኤፍዲኤ ውስጥ፣ የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ማለት ነው፣ መድኃኒት ይገመግም ነበር። በፈረንጅ 2008 ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ በ12 የድባቴ መድኃኒቶች ላይ ኩባንያዎች ለኤፍዲኤ ያስመዘገቧቸውን 74 ጥናቶች ሰብስቦ፣ ጆርናል ላይ ከወጣው ጋር ጎን ለጎን አስቀመጠ። ኤፍዲኤ «ይሠራል» ያላቸው 38 ነበሩ። 37ቱ ታትመዋል። «አይሠራም» ወይም «አጠራጣሪ ነው» የተባሉት 36 ነበሩ። ከነሱ እንዳሉ የታተሙት 3 ብቻ። 22ቱ ጭራሽ አልታተሙም። 11ዱ ደግሞ የተሳካላቸው መስለው ታተሙ።

ጆርናል ብቻ የሚያነብ ሐኪም 94 በመቶው ጥናት መልካም ውጤት እንዳለው ያያል። የኤፍዲኤ ፋይል 51 በመቶ ነው የሚለው። እዚህ ውስጥ ማንም ማታ ሆቴል ቁጭ ብሎ ቁጥር አልፈጠረም። መምረጥ ብቻ በቂ ነው። መድኃኒቶቹ ከንቱ ናቸው ማለት እንዳይመስላችሁ፤ ተርነርም እንዲያ አላለም። ከተወራላቸው ያነሱ ናቸው ነው ነገሩ።

ለዚህ የተገኘው መላ ቀላል ነው፦ በሽተኛ ሳትመዘግብ በፊት ምን ልትለካ እንዳሰብክ በአደባባይ መዝግብ። ትልልቆቹ የሕክምና ጆርናሎች ከሐምሌ 2005 ጀምሮ፣ በፈረንጅ፣ ያልተመዘገበ የሕክምና ሙከራ አናትምም አሉ። የአፍሪካም መዝገብ አለ፣ ኬፕታውን የተቀመጠ። ማንም ገብቶ ሊፈልግበት ይችላል። እኔ አንድ ጥናት ሲያጓጓኝ መጀመሪያ የማደርገው ይህን ነው። መዝገቡ ላይ «ሞትን እንለካለን» ብለው ጽሑፉ ላይ «የሕመም ስሜት ቀነሰ» ካሉ ገጹን እዘጋለሁ። መዝገብ ግን የሚያመሳክር ሰው ካጣ ወረቀት ነው፤ ብዙዎች ተመዝግበው ውጤታቸውን ሳያሳዩ ይቀራሉ።

አሁን ለአንተ የሚቀርበውን ልንገርህ። ጆን ካርላይል የሚባል እንግሊዛዊ የማደንዘዣ ሐኪም አለ። የአንድ ጆርናል አዘጋጅ ነበር። ለጆርናሉ የገቡ 526 ሙከራዎችን መረመረና በ2021 ጻፈ። የእያንዳንዱን በሽተኛ ጥሬ ዳታ ካላየ፣ የፈጠራ ቁጥር የሚያገኘው 2 በመቶው ውስጥ ብቻ ነው። ኤክሴሉን ከፍቶ ካየ ግን 44 በመቶው ውስጥ አገኘ። አንዱ ረድፍ ከላይ ተቀድቶ ከታች ተለጥፏል፣ የዚህ ዓይነት። 44 የዓለም ሁሉ ቁጥር ነው አትበሉ፤ ጥሬ ዳታ የጠየቀው ቀድሞ ከተጠራጠራቸውና በኋላም ከጥቂት አገሮች ከመጡት ላይ ነው። ቢሆንም ያው ሰው፣ ያው ዓይን ነው። ልዩነቱ ኤክሴሉ መከፈቱ ነው።

ስለ እናትህ መድኃኒት። አምሎዲፒን ኦልሃት በሚባል ጥናት ተፈትኗል። 33,357 ሰው፣ ዕጣ ወጥቶላቸው፣ ከሌሎች የግፊት መድኃኒቶች ጋር ተነጻጽሮ፣ ለዓመታት ተከታትለው። ዋናውን ወጪ የቻለው የአሜሪካ መንግሥት ነው። የተቆጠረው የልብ ሕመምና ሞት ነው። በ2002 ሲወጣ በዋናው ውጤት ርካሹ የሽንት ክኒን፣ አምሎዲፒንና ሊሲኖፕሪል እኩል ሆኑ። በልብ ድካም በኩል እንዲያውም ርካሹ አምሎዲፒንን በለጠው። እንዲህ ዓይነት ጥናት ላይ ተደግፎ «ዋጪው» ማለት ይቻላል። 10 ሚሊግራም ያስፈልጋታል ወይ የሚለው ግን ሌላ ጥያቄ ነው። የእሷን ግፊት ማን ለካው? ስንት ጊዜ?

አድቫይዘር ነኝ፦

ሦስት ቀን አንብቤ ዝም ብዬ ነበር። ዩኒቨርሲቲ አስተምራለሁ። ኤች ኦው የሚሠራው ለእንደኔ ዓይነት ሰው ተማሪዎች ነው።

መጀመሪያ ተናደድኩ። ቀጥሎ ቢሮ ገብቼ ያማከርኩትን የአንድ ተማሪ የግፊት ዳታ ከፈትኩ። ያደረግሁት አንድ ነገር ብቻ ነው። የላይኛውን ግፊት የመጨረሻ አሃዝ ቆጠርኩ። መለኪያው ዲጂታል ነበር። ዲጂታል መለኪያ ለዜሮ አያዳላም፤ ከ10 ልኬት አንዱ ገደማ ነው በዜሮ ማለቅ ያለበት። እኔ ያገኘሁት ከግማሽ በላይ ነው። 120፣ 130፣ 120፣ 140፣ 130። አምስት ደቂቃ አልፈጀብኝም። ተማሪው ጽሑፉን ከመከላከሉ በፊት ይህን አምስት ደቂቃ ለምን እንዳጣሁት እኔም አላውቅም። ማለት አውቃለሁ። በዚያ ሴሚስተር የማማክራቸው 9 ነበሩ፣ የራሴ እድገት ደግሞ በጽሑፍ ቁጥር ነው የሚታሰበው። ጽሑፍ ሲቆጠር እንጂ ሲከፈት አይቼ አላውቅም።

«በቅሎ አባትሽ ማነው ቢሏት ፈረስ አጎቴ ነው አለች» ይባል የለ? የእኛም ጽሑፎች ዳታው ከየት መጣ ሲባሉ «ከሌላ ጥናት ጋር ይስማማል» ነው መልሳቸው።

ዘንድሮ የቀየርኩትን ልንገራችሁ። ክፍያ በፎርም ቀረ፣ በቀን ሆነ። ኮታው ከ12 ወደ 6 ወረደ። ናሙናው አነሰ፤ ተማሪው አለቀሰብኝ፣ ይሁን። ዲጂታሉ መለኪያ ልኬቱን ከነሰዓቱ ሜሞሪው ውስጥ ያስቀምጣል፤ በየማታው ፎቶ እየተነሣ ይላካል። ታብሌቱም ፎርሙ ስንት ሰዓት ተከፍቶ ስንት ሰዓት እንደተዘጋ ይይዛል። 50 ደቂቃ የሚፈጅ መጠይቅ ሌሊት 4 ሰዓት ላይ በ3 ደቂቃ ከተሞላ ሆቴል ውስጥ ነው የተሞላው። ከዚያ ሱፐርቫይዘሩ በዕጣ ጥቂት ቤት ተመልሶ ይሄዳል። እግረ መንገዱን ሳይሆን አድራሻ ይዞ።

ኤች ኦ፣ ለጥናቱ ባለቤት ንገረው። ስንት ፎርም እንደሆነ ቁጥሩን ስጠው። የመለኪያውን ሜሞሪ ካላጠፉት ገና ሊመሳከር ይችላል።

ሲስተር የሌሊት ተረኛ፦

አድቫይዘር፣ ይህን በስምህ ብትጽፈው ደስ ባለኝ። ግን ይገባኛል። እኔም በስሜ አልጻፍኩም።

የሰፈር ልጅ፦

አጎቴን ጠየቅሁት። ክኒኑንም እየዋጠ ነው ለካ። እሺ ተረታሁ።

ሥራ ፈላጊው ኤች ኦ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። በተለይ ሲስተር።

ለባለቤቱ ደወልኩ። አንድ ባንድ ነገርኩት። ለአፍታ ዝም አለና «ወጥቷል እኮ በቃ» አለኝ። «ቢወጣም ማስተካከያ ይታተማል» አልኩት። ደሞ ማስተካከል! ቃሉ ከአፌ ሲወጣ እኔም አፈርኩ። ከዚያ የማስታወሰውን በቴሌግራም ላክሁለት፦ ከሞላኋቸው 68 ፎርሞች ሦስቱንም ልኬት በትክክል የወሰድኩት 37 ላይ ነው፤ 31ዱን ይጣሉ። ስለ ሌሎቹ ልጆች አልተናገርኩም፤ ለነሱ ለየብቻቸው ደውያለሁ። አንዱ ዘጋብኝ። የጥናቱ ባለቤት መልእክቱን አይቶታል፣ ሁለቱ ምልክት ይታየኛል። መልስ የለም። መለኪያዎቹ ያሉት እሱ ጋ ነው። እስከ ሳምንቱ መጨረሻ ካልመለሰ ለጆርናሉ አዘጋጅ እጽፋለሁ። ረቂቁን አዘጋጅቻለሁ፤ አድቫይዘር፣ በውስጥ መስመር ልላክልዎት?

እናቴን ጠየቅኋት። ጤና ጣቢያ የለኳት አንዴ ነው። ዳገቱን በእግሯ ወጥታ፣ ወረፋ ላይ ከአንዲት ሴት ጋር ተጣልታ፣ ገና ቁጭ ስትል። 168 በ96 አሉ። በሱ ነው ወደ 10 የወጣችው።

ከጓደኛዬ መለኪያ ተዋስኩ። 10ሩን እየዋጠች ነው፣ አላቆመችም። አምስት ደቂቃ ሳትናገር ተቀመጪ አልኳት። አልቻለችም። ሁለት ደቂቃ ላይ የጎረቤቷን ጉዳይ ጀመረች፤ እንደገና ከዜሮ ቆጠርኩ። ሦስት ጊዜ ለካሁ፦ 141፣ 136፣ 137። ለሰባት ቀን ጠዋትና ማታ እንዲሁ አደርጋለሁ ብያታለሁ። «ጥፋትህን በእኔ ክንድ ልታወራርድ ነው?» አለችኝ። የሆነውን ነግሬአት ነበር።

ሰኞ ደብተሩን ይዘን ጤና ጣቢያ እንሄዳለን።